የለንደን ፍላት ሊዝ፦ ማራዘም፣ መሸጥ ወይስ ፍሪሆልዱን መግዛት?

ለንደን ውስጥ ፍላት የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው በዚያ ቤት ለተወሰኑ ዓመታት የመኖር መብት ነው። መብቱ ሊዝ ይባላል። ህንጻውና መሬቱ ግን የፍሪሆልደሩ ናቸው፤ ይህ ሙሉ ባለቤትነት ፍሪሆልድ ይባላል። ፍሪሆልደሩ ካውንስል፣ ሃውሲንግ አሶሴሽን፣ የግል ኩባንያ ወይም አንድ ግለሰብ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ሊዝ ስንል መሬቱ የመንግሥት ነው። እዚህ ግን የሊዛችሁ ዓመት ሲያጥር የሚያተርፍ የግል ባለቤት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ዝም ብሎ መቀመጥ ገንዘብ ያስከፍላል።

ሊዙ ሲያልቅ ባለቤትነቱ ወደ ፍሪሆልደሩ ይመለሳል። ችግሩ ግን ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድሞ ይጀምራል። ዓመቱ ሲያጥር የቤቱ ዋጋ ይወርዳል፣ ባንክ ሞርጌጅ ለመስጠት ያመነታል፣ ማራዘሚያውም ይወደዳል። ይህ መመሪያ ሊዙ እያጠረ ላለ ባለቤት፣ ለሻጭና ለገዢ ያሉትን መንገዶች ያነጻጽራል። የሚሠራው ለእንግሊዝና ለዌልስ ብቻ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ፍላት የሚሸጠው በአብዛኛው በሙሉ ባለቤትነት ስለሆነ እዚያ ያላችሁ ይህ ጣጣ የለባችሁም።

በምን እንመዝናቸው?

ከሁሉ በፊት የሚታየው የቀረው ዓመት ነው። በአሁኑ ሕግ ትልቁ መስመር 80 ዓመት ነው። ከ80 በታች ከወረደ ለማራዘም ማሬጅ ቫልዩ የሚባል ተጨማሪ ክፍያ ይመጣል። ሊዙ ሲራዘም ቤቱ ዋጋው ይጨምራል አይደል? ከዚያ ጭማሪ ግማሹን ለፍሪሆልደሩ ትከፍላላችሁ ማለት ነው። 80 ዓመት ከአንድ ቀን ካላችሁ አይመለከታችሁም። 79 ዓመት ከ11 ወር ከሆነ ትከፍላላችሁ።

ሁለተኛው ጠቅላላ ወጪ ነው። ለፍሪሆልደሩ የሚከፈለው ዋጋ ብቻውን አይበቃም። የራሳችሁ ሶሊሲተር (ጠበቃ) እና ሰርቬየር (የቤት ዋጋ ገማች) አሉ። በሕጉ መንገድ ስትሄዱ ደግሞ የፍሪሆልደሩን ምክንያታዊ የጠበቃና የግምት ወጪም የምትሸፍኑት እናንተ ናችሁ። ሦስተኛው በስተመጨረሻ የምታገኙት ነገር ነው፦ ስንት ዓመት፣ ምን ዓይነት ግራውንድ ሬንት (ለፍሪሆልደሩ በየዓመቱ የሚከፈል የመሬት ኪራይ)፣ በህንጻው አስተዳደር ላይ ምን ድምፅ። አራተኛው እርግጠኝነት ነው። ሌላው ወገን ሐሳቡን ቢቀይር የሚያስገድደው ሕግ አለ ወይ? አምስተኛው በዚያ ቤት ስንት ጊዜ ለመቆየት እንዳሰባችሁ ነው። ለእኔ ከ80ው መስመር ቀጥሎ የሚወስነው ይህ የመጨረሻው ነው።

የቀረውን ዓመት ለማወቅ በላንድ ሬጂስትሪ የመንግሥት ድረ ገጽ የቤቱን መዝገብ ማውጣት ይቻላል፤ ዋጋው 7 ፓውንድ ነው። መንግሥታዊ መስለው ብዙ እጥፍ የሚያስከፍሉ ገጾች ስላሉ አድራሻውን አስተውሉ። መዝገቡ ላይ ሊዙ የጀመረበትን ቀንና የተሰጠውን ዓመት ፈልጉ። ቤቱን የገዛችሁበት ቀን ለዚህ ሒሳብ አይጠቅምም።

ከካውንስል ለገዙ ወላጆች

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ቤተሰብ ሳያውቀው ወደ መስመሩ እየቀረበ ነውና። ከ1980 ሃውሲንግ አክት በኋላ ራይት ቱ ባይ በሚባለው መብት የካውንስል ፍላት የገዙ ሰዎች ያገኙት ሊዝ በተለምዶ 125 ዓመት ነው። በ1981 የተጀመረ ሊዝ 80 ዓመት የሚቀረው በ2026 ነው። የ1985ቱ በ2030 ይደርሳል።

«እኛ የገዛነው በ2001 ነው፣ ገና ነን» የሚል ይኖራል። ግን ሕጉ ካውንስሉ በአንድ ህንጻ ውስጥ ያሉትን ሊዞች በአንድ ቀን እንዲያልቁ እንዲያደርግ ይፈቅዳል። በህንጻው የመጀመሪያው ፍላት በ1983 ተሽጦ ከሆነ፣ በ2001 የተሸጠውም ከዚያው ጋር በ2108 ሊያልቅ ይችላል። እንዲህ ከሆነ 80 ዓመት የሚቀረው በ2028 ነው። ስለዚህ እናትና አባታችሁ ከካውንስል የገዙት ፍላት ካለ፣ በዚህ ሳምንት መዝገቡን አውጡላቸው። ሞርጌጁን ጨርሰው ተረጋግተው የተቀመጡ ሰዎች ማንም ደብዳቤ አይልክላቸውም። መስመሩ ሲያልፍ የሚያስጠነቅቅ ቢሮም የለም።

መስመሩን ማለፍ ስንት ያስከፍላል?

ለምሳሌ ያህል ሊዙ ሲራዘም 300,000 ፓውንድ የሚያወጣ ፍላት እንውሰድ። ግራውንድ ሬንቱ በዓመት 100 ፓውንድ ነው። ሰርቬየሮች ግራውንድ ሬንቱን በ6 በመቶ፣ ቤቱ ወደፊት ለፍሪሆልደሩ የሚመለስበትን ዋጋ ደግሞ በ5 በመቶ ወደ ዛሬ ዋጋ አመጡት እንበል። 81 ዓመት ሲቀር የማራዘሚያው ዋጋ ወደ 7,350 ፓውንድ ይጠጋል። 78 ዓመት ሲቀርና ሳይራዘም ቤቱ የተራዘመውን 94 በመቶ ያወጣል ብለን ብናስብ የማራዘሚያው ዋጋ ወደ 13,100 ፓውንድ ይወጣል። በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ እጥፍ ተጠጋ። ከልዩነቱ አብዛኛውን የሚወስደው ማሬጅ ቫልዩ ነው። የእናንተ ቤት ቁጥር ከዚህ ይለያል፤ መቶኛውን ራሱ ሰርቬየሮች ይከራከሩበታል። አቅጣጫው ግን ይኸው ነው።

አንደኛው መንገድ፦ በሕጉ መሠረት ማራዘም

በ1993 በወጣው ሕግ የፍላት ሊዝ ያለው ሰው በቀረው ዓመት ላይ 90 ዓመት የማስጨመር መብት አለው። ግራውንድ ሬንቱም ወደ ዜሮ ይወርዳል። 75 ዓመት ቢቀራችሁ 165 ይሆናል። ፍሪሆልደሩ ደስ ባይለውም እምቢ ማለት አይችልም፤ መከራከር የሚችለው በዋጋው ላይ ነው።

የሚጀመረው ሴክሽን 42 በሚባል ማስታወቂያ ነው። በእሱ ላይ የምትሰጡትን ዋጋ ትጽፋላችሁ። ለፍሪሆልደሩ መልስ ቢያንስ ሁለት ወር ይሰጠዋል። በዋጋው ካልተስማማችሁ፣ መልሱ ከመጣ ከሁለት ወር በኋላ ስድስት ወር ሳይሞላ እንዲህ ያለውን ክርክር በእንግሊዝ ወደሚዳኘው ፈርስት ቲየር ትሪቡናል ማመልከት አለባችሁ። ይህ ቀን ካመለጠ ማስታወቂያው እንደተነሳ ይቆጠራል፤ እንደገና ለመጀመርም 12 ወር ትጠብቃላችሁ። በዚያ መሀል 80 ዓመቱ ሊያልፍ ይችላል። ለዚህ ነው ሊዝ ማራዘም የዕለት ሥራው የሆነ ሶሊሲተር የሚያስፈልገው። ቤት ሲገዛ ብቻ ወረቀት የሚጨርስ ጠበቃ እነዚህን ቀኖች ላይይዛቸው ይችላል።

የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም የዋጋው ቀን ማስታወቂያው በተሰጠበት ዕለት መቆለፉ ነው። ድርድሩ ዓመት ቢፈጅም የሚቆጠረው ያ ቀን ነው።

ቀድሞ ይህን መብት ለመጠቀም ቤቱን ሁለት ዓመት መያዝ ግድ ነበር። ያ ሁኔታ ከጥር 31 ቀን 2025 ጀምሮ ቀርቷል። አሁን አዲስ ገዢም ስሙ በላንድ ሬጂስትሪ እንደተመዘገበ ማስታወቂያ መስጠት ይችላል። «እንደተመዘገበ» የምትለዋን ልብ በሉ። ምዝገባው ወራት ሊወስድ ይችላል።

ሼርድ ኦነርሺፕ (የቤቱን ድርሻ ገዝቶ በቀረው ላይ ኪራይ መክፈል) ያላችሁና ድርሻችሁ ገና 100 በመቶ ያልደረሰ፣ በአሁኑ ሕግ ይህን መብት በተለምዶ አታገኙም። ሃውሲንግ አሶሴሽናችሁ በራሱ ፈቃድ ያራዝም እንደሆነ ጠይቁ።

ሁለተኛው መንገድ፦ በስምምነት ማራዘም

ፍሪሆልደሩ ደብዳቤ ይልካል፣ ወይም እናንተ ትደውላላችሁ። ዋጋ ይነግራችኋል፣ ትስማማላችሁ፣ ያልቃል። ፈጣን ነው። የጠበቃ ወጪውም ሊቀንስ ይችላል። ፍሪሆልደሩ ቅን ከሆነና ጊዜው ካጠራችሁ ጥሩ መንገድ ሊሆን ይችላል።

ግን የቀረበውን በደንብ አንብቡ። «125 ዓመት እንሰጣችኋለን» ሲባል ብዙ ጊዜ ጠቅላላው 125 ይሆናል ማለት ነው። 75 ቀርቷችሁ ከሆነ የተጨመረው 50 ነው። በሕጉ መንገድ 90 ይጨመር ነበር። ከሰኔ 30 ቀን 2022 ጀምሮ በሚሠራው የግራውንድ ሬንት ሕግ መሠረት በስምምነት ሲራዘምም በተጨመረው ዓመት ላይ ኪራይ መጠየቅ አይቻልም። በቀረው የድሮ ዓመት ላይ ግን ያለው ኪራይ ሊቀጥል ይችላል። በሕጉ መንገድ ወዲያውኑ ወደ ዜሮ ይወርዳል።

ሌላው ድካሙ፣ ፍሪሆልደሩ እስከ ፊርማው ቀን ድረስ ሐሳቡን መቀየር መቻሉ ነው። ዋጋውን ሊያስወድድ፣ አዳዲስ ግዴታዎች ሊያስገባ፣ ወይም ዝም ሊል ይችላል። ወደ ትሪቡናል መሄድ የለም። ሊዙ ከ80 ዓመት በታች ሊወርድ ወራት ሲቀሩት በስምምነት ድርድር የተጠመደ ሰው አደጋ ላይ ነው። ሞርጌጅ ካላችሁ ደግሞ የባንኩ ፈቃድ ያስፈልጋል።

የኔ ምክር ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ ነው። መጀመሪያ ሴክሽን 42 ይሰጥ፣ ከዚያ በስምምነት ተደራደሩ። ከተስማማችሁ እሰየው፤ ካልተስማማችሁ መብታችሁ ቀኑን ይዞ ይጠብቃችኋል። የሰርቬየር ግምት ሳይኖራችሁ ደግሞ በስምምነት የቀረበ ዋጋ ላይ አትፈርሙ።

ሦስተኛው መንገድ፦ ከጎረቤት ጋር ፍሪሆልዱን መግዛት

በህንጻው ውስጥ ካሉት ፍላቶች ሁለት ሦስተኛው ረጅም ሊዝ ባላቸው ሰዎች የተያዙ ከሆነና ቢያንስ የግማሾቹ ፍላቶች ባለቤቶች ከተባበሩ፣ ፍሪሆልደሩ ሳይወድም ቢሆን መግዛት ይቻላል። ፍላቶቹ ሁለት ብቻ ከሆኑ ሁለቱም መግባት አለባቸው። ከህንጻው ከ25 በመቶ በላይ የሱቅ ወይም የቢሮ ቦታ ከሆነ በአሁኑ ሕግ አይቻልም። ብዙ ተከራይ ያለበት የካውንስል ብሎክም ሁለት ሦስተኛውን ስለማያሟላ በተለምዶ አይሆንም።

ለትንንሽ ህንጻዎች፣ በተለይ አንድ የቆየ ቤት በሦስት ወይም በአራት ፍላት ለተከፈለበት፣ ከሁሉም የተሻለው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ባለቤቶቹ ኩባንያ ያቋቁማሉ፣ ለራሳቸው 999 ዓመት ይሰጣሉ፣ ኢንሹራንሱንና ጥገናውን ራሳቸው ይመርጣሉ። በምትኩ ኃላፊነቱም የራሳቸው ነው። ጣሪያው ሲያፈስ የሚደወልለት ሌላ ሰው የለም። አንድ ጎረቤት አልከፍልም ቢል ፊት ለፊት መነጋገር የእናንተ ሥራ ነው።

ለገዢዎች አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የሽያጭ ማስታወቂያው «ሼር ኦፍ ፍሪሆልድ» (የፍሪሆልድ ድርሻ አለው) ቢልም ፍላቱ አሁንም ሊዝ አለው። ሊዙ ሳይራዘም 68 ዓመት ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ድርሻው ብቻውን ዓመት አይጨምርም።

የራይት ቱ ማኔጅ ነገርም አለ። ይህ አስተዳደሩን ብቻ ከፍሪሆልደሩ መውሰድ ነው፤ ጥፋቱን ማስረዳት አያስፈልግም። ዋጋው ከፍሪሆልድ በጣም ያንሳል፤ በሰርቪስ ቻርጅ (ለህንጻው ጥገናና አስተዳደር በሚከፈለው ገንዘብ) ለተማረሩ ይረዳል። ሊዝ ግን አያራዝምም፣ በካውንስል ህንጻም አይሠራም።

አራተኛው መንገድ፦ አዲሱን ሕግ መጠበቅ

በግንቦት 2024 የጸደቀው የሊዝሆልድ ማሻሻያ ሕግ ሁለት ትልልቅ ነገሮች አሉት። ማራዘሚያው 990 ዓመት ይሆናል፤ ማሬጅ ቫልዩም ይቀራል። ፍሪሆልደሮች ሕጉን በከፍተኛ ፍርድ ቤት (ሃይ ኮርት) ተቃውመው በጥቅምት 2025 ተሸንፈዋል። ነገር ግን እነዚህ ሁለት ክፍሎች ተጨማሪ ደንብ ስለሚፈልጉ እስካሁን ሥራ ላይ አልዋሉም። ማስታወቂያ ከመስጠታችሁ በፊት ጀምረው እንደሆነ ሶሊሲተራችሁን ጠይቁ።

መጠበቅ ለማን ይሻላል? 72 ዓመት ቀርቶት፣ ሞርጌጁን ጨርሶ፣ ለመሸጥ ሐሳብ ለሌለው ሰው ማሬጅ ቫልዩ ከቀረ ትልቅ እፎይታ ነው። 81 ዓመት ለቀረው ግን መጠበቅ ቁማር ነው። ማሬጅ ቫልዩ ገና አልደረሰበትም፤ ሕጉ ሲመጣ የሚቀርለት የማሬጅ ቫልዩ ሸክም የለም፣ ሕጉ ቢዘገይ ግን አዲስ ሸክም ይወድቅበታል። ሊዙ 95 ዓመት የቀረው ሰው ተረጋግቶ ይጠብቅ።

አምስተኛው መንገድ፦ እንዳለ መሸጥ

ሊዙ ሳይራዘም መሸጥ ይቻላል። ነገር ግን ከ80 በታች ገዢው ዋጋ ያስቀንሳል። ወደ 70 ሲጠጋ ብዙ ባንኮች ሞርጌጅ ስለማይሰጡ የሚመጣው ጥሬ ገንዘብ የያዘ ገዢ ወይም ጨረታ ነው። እነዚህ ገዢዎች ሒሳቡን ያውቁታል። የሚያስቀንሱት ማራዘሚያው ከሚያስወጣው በላይ ሊሆን ይችላል።

መሀል መንገድም አለ። ሻጩ ሴክሽን 42 ይሰጣል፣ ከሽያጩ ጋርም ለገዢው ያስተላልፈዋል። ገዢው ድርድሩን ከዚያ ይቀጥላል፣ የሚከፍለውም እሱ ነው፤ የዋጋው ቀን ግን ሻጩ ማስታወቂያ የሰጠበት ነው። የሁለት ዓመቱ ግዴታ ቢቀርም ይህ ዘዴ አሁንም ይጠቅማል። ሊዙ 80 ዓመት ከሦስት ወር ላይ ከሆነ ገዢው ተመዝግቦ እስኪያልቅ መስመሩ ሊያልፍ ይችላል። ሁለቱም ሶሊሲተሮች ይህን በጽሑፍ በጥንቃቄ መሥራት አለባቸው፤ ማስታወቂያው ከሊዙ ተነጥሎ ከተላለፈ ዋጋ ያጣል።

ለሻጮች ሌላም ነገር። ከህንጻው አስተዳዳሪ የሚወጣው፣ የሰርቪስ ቻርጁንና የህንጻውን ሁኔታ ለገዢ የሚገልጸው ኤልፒኢ 1 የሚባል መረጃ ገንዘብም ጊዜም ይወስዳል። ገዢ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ መቼ እንደሚታዘዝ ሶሊሲተራችሁን በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ።

ጠቅላላው በሠንጠረዥ

| መንገድ | የሚገኘው ዓመት | ግራውንድ ሬንት | ወጪ | እርግጠኝነት | ለማን |
|---|---|---|---|---|---|
| በሕጉ ማራዘም | የቀረው + 90 | ዜሮ | ዋጋው + የሁለቱም ወገን ባለሙያዎች | ከፍተኛ | ለመቆየት ወይም በጥሩ ዋጋ ለመሸጥ |
| በስምምነት ማራዘም | እንደ ድርድሩ | በድሮው ዓመት ላይ ሊቀጥል ይችላል | የባለሙያ ወጪው ሊያንስ ይችላል | ዝቅተኛ | ለቸኮለና ቅን ፍሪሆልደር ላለው |
| ፍሪሆልድ መግዛት | በተለምዶ እስከ 999 | ይቀራል | መጀመሪያ ላይ ከፍ ያለ | ከፍተኛ፣ ጎረቤት ከተስማማ | ለትንሽ ህንጻ ነዋሪዎች |
| አዲሱን ሕግ መጠበቅ | ሲጀመር 990 | ዜሮ | ከ80 በታች ላለ ሊቀንስ ይችላል | ቀኑ አይታወቅም | ለማይሸጥና ለማይበደር |
| እንዳለ መሸጥ | አይጨመርም | እንዳለ | በቤቱ ዋጋ መቀነስ ይከፈላል | ገዢ ማግኘት ይከብዳል | ገንዘብ በፍጥነት ለሚፈልግ |

ለገዢ፦ ከዓመቱ ሌላ የሚታየው

ዓመቱ ጥሩ ሆኖ ሌላው ቤቱን የማይገዛ ሊያደርገው ይችላል። የሦስት ዓመት የሰርቪስ ቻርጅ ሒሳብ ጠይቁ። ለትልቅ ጥገና የተጠራቀመ ገንዘብ አለ ወይ? በአንድ ሥራ ከአንድ ባለሊዝ ከ250 ፓውንድ በላይ የሚያስከፍል ጥገና ሲኖር ፍሪሆልደሩ ሴክሽን 20 የሚባል የምክክር ደብዳቤ መላክ አለበት። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ተልኮ ከሆነ ማየት አለባችሁ። በካውንስል ብሎኮች የጣሪያ፣ የመስኮትና የሊፍት ሥራ ለአንድ ፍላት በአሥር ሺህዎች ፓውንድ ሊደርስ ይችላል። ቤቱ ርካሽ የሆነው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ግራውንድ ሬንቱ በየጊዜው እጥፍ የሚሆን ከሆነ ባንክ ይጠላዋል። ከቤቱ ዋጋ 0.1 በመቶ በላይ ሲሆንም ብዙ አበዳሪዎች ጥያቄ ያነሳሉ። ለ300,000 ፓውንድ ቤት ይህ በዓመት 300 ፓውንድ ነው።

ከፍ ላሉ ህንጻዎች የውጭ ግድግዳው ጉዳይ አለ። በሰኔ 2017 የወገኖቻችንንም ሕይወት የቀጠፈው የግሬንፌል ቃጠሎ ከደረሰ በኋላ ብዙ ባንኮች የውጭ ግድግዳው ከእሳት አንጻር መፈተሹን የሚያሳይ ኢደብሊውኤስ 1 የሚባል ፎርም ይጠይቃሉ። ፎርሙ ከሌለ ወይም መጥፎ ውጤት ካለው፣ ከ2022ቱ የህንጻ ደህንነት ሕግ የትኛው ጥበቃ እንደሚደርሳችሁ ሶሊሲተሩ በጽሑፍ ይንገራችሁ። ይህ ለልጆቻችሁ ደህንነት ነው፤ ቤቱ ቢያምርም አትዝለሉት።

እንደየሁኔታችሁ

*ከ80 እስከ 83 ዓመት ከቀራችሁ*፣ ለመቆየትም ለመሸጥም ብታስቡ፣ አሁኑኑ ሰርቬየር ያዙና ሴክሽን 42 ስጡ። ገንዘቡ ካልሞላ በሞርጌጁ ላይ ተጨማሪ ተበድሮ መክፈል ይቻል እንደሆነ ባንኩን ጠይቁ። ልጆች ለወላጆቻቸው የሚያዋጡበት ጉዳይ ካለ ይህ አንዱ ነው፤ ያዋጣ ሁሉ ከፍሎ ያዳነው የራሱን ውርስ ነው።

*ከ70 እስከ 79 ቀርቷችሁ የምትሸጡ ከሆነ*፣ ለሁለት ዋጋ ግምት አሠሩ፦ ተራዝሞና ሳይራዘም። ልዩነቱ ከማራዘሚያው ጠቅላላ ወጪ በደንብ ከበለጠ አራዝሙ፣ ወይም ማስታወቂያውን ሰጥታችሁ ከነማስታወቂያው ሽጡ። ከተቀራረበ እንዳለ ሽጡት።

*ከ70 እስከ 79 ቀርቷችሁ የማትሸጡ ከሆነ*፣ ሞርጌጃችሁ መቼ እንደሚታደስ እዩ። በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ሌላ ባንክ የምትፈልጉ ከሆነ አትጠብቁ። ዕዳ ከሌለባችሁ አዲሱን ሕግ መጠበቅ ያስኬዳል።

*አጭር ሊዝ ያለው ርካሽ ፍላት ለመግዛት የጓጓችሁ* መጀመሪያ ባንካችሁ ይህን ዓመት ይቀበል እንደሆነ አረጋግጡ። ቀጥሎ የማራዘሚያውን ሙሉ ወጪ ከሚጠየቀው ዋጋ ላይ ደምሩና በዚያው ሰፈር ረጅም ሊዝ ካለው ፍላት ጋር አስተያዩ። በደንብ ካልረከሰ ድካሙን አትሸከሙት። ከገዛችሁ ሻጩ ማስታወቂያ ሰጥቶ እንዲያስተላልፍላችሁ ጠይቁ።

*በትንሽ ህንጻ የምትኖሩና ከጎረቤት ጋር የምትግባቡ*፣ የሊዝ ማራዘሚያ ከመጀመራችሁ በፊት ሁሉንም ሻይ ጋብዙና ስለ ፍሪሆልዱ አንሱ። እያንዳንዱ ለብቻው ካራዘመ ሁላችሁም የተለያየ ጠበቃ ትከፍላላችሁ።

ከየትኛውም ፊርማ በፊት በመንግሥት የሚደገፈው የሊዝሆልድ አማካሪ አገልግሎት በነጻ ያማክራል፤ የማራዘሚያ ዋጋ ግምት የሚያሳይ ማስያም በድረ ገጹ ላይ አለው። ስትደውሉ የሊዙን መጀመሪያ ቀን፣ የተሰጠውን ዓመት፣ የግራውንድ ሬንቱን መጠንና የቤቱን ግምት አጠገባችሁ አድርጉ። እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው ወላጆች ልጅ ወይም ዘመድ አብሮ ቢቀመጥ ጥሩ ነው፤ የሚነገሩት ቀኖች በወረቀት ላይ መጻፍ አለባቸውና።